ብርሃኑ ቀስ በቀስ የከዳው አባት
የባለቅኔው የጆን ሚልተን ሕይወት



ሰው ዓይኑን በድንገተኛ አደጋ ሲያጣ ሐዘኑ ከባድ ቢሆንም ቁርጡን ያውቃል። ብርሃኑ እንደ ጧፍ ከዓመት ወደ ዓመት ቀስ እያለ ሲያልቅበት ግን፣ ተስፋና ፍርሃት በልቡ ውስጥ ሲታገሉ ይኖራሉ። ይህ የሚደርስበት ሰው ገና ጨቅላ ሕፃናትን የሚያሳድግ ወላጅ ከሆነ ደግሞ ጭንቀቱ እጥፍ ድርብ ይሆናል። የልጆቼን ፊት እስከ መቼ አያለሁ? እንጀራቸውን በምን ሠርቼ አቀርባለሁ? ከአሁን በኋላ እኔ መሪያቸው ነኝ ወይስ እነሱ የእኔ በትር ይሆናሉ? እያለ ራሱን ይጠይቃል። በየቁምስናችን እንዲህ ያለውን ሸክም የተሸከሙ አባቶችና እናቶች አሉ፤ ብዙዎቹም ለማንም ሳይናገሩ በዝምታ ይሸከሙታል።

በዚህ ቁጥር ሕይወቱን የምንተርክላችሁ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተን ይህን መንገድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተጓዘ ሰው ነው። ሚልተን ከቅዱሳን ተርታ የሚቆጠር አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያናችንም ልጅ አልነበረም። እንዲያውም በዘመኑ በነበረው የሃይማኖት ክርክር ሮማዊት ቤተ ክርስቲያንን አጥብቆ የተቃወመ፣ ስለ ጋብቻ መፍረስም እኛ የማንቀበለውን ትምህርት የጻፈ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ መከራ የሃይማኖት ወሰን አያውቅም፤ ከመከራ የሚገኝ ትምህርትም እንዲሁ ነው። ሕይወቱን ስንመረምር የምናደንቀው ብዙ፣ የምናዝንበትም ጥቂት ያልሆነ ነገር እናገኛለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደቱና አስተዳደጉ

ሚልተን በ1608 ዓ.ም. ታኅሣሥ 9 ቀን በለንደን ከተማ ብሬድ ስትሪት በተባለ ጎዳና ተወለደ። አያቱ ሪቻርድ ሚልተን በኦክስፎርድ አውራጃ የሚኖር፣ ካቶሊካዊ እምነቱን አልተውም በማለቱ መቀጫ የተጣለበት ገበሬ ነበር። የባለቅኔው አባት ግን በወጣትነቱ ወደ ፕሮቴስታንት እምነት ስላዘነበለ አያትየው ከርስቱ ነቀለው ይባላል። ልጁም ወደ ለንደን መጥቶ ውልና ሰነድ በመጻፍ ሥራ ሀብት አፈራ። ሙዚቃ የሚደርስ፣ ትምህርት የሚወድ ሰው ስለነበረ ለልጁ ለጆን ጥሩ ጥሩ መምህራን ቀጠረለት።

ሕፃኑ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት በሻማ ብርሃን ሲያነብ ያመሽ ነበር። ለዓይኑ ሕመም የመጀመሪያው መነሻ ይህ ልማድ እንደሆነ እሱ ራሱ ኋላ ጽፏል። የዛሬ ሐኪሞች በሻማ ማንበብ ሰውን ያሳውራል ብለው አያምኑም። በአንጻሩ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ጆን ኦብሪ የመዘገበው አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ይኸውም፣ አባቱ በ84 ዓመቱ ያለ መነጽር ሲያነብ፣ እናቱ ግን ዓይነ ደካማ ስለነበረች ገና 30 ዓመት እንዳለፋት መነጽር ማድረግ መጀመሯ ነው። እንግዲህ ሕመሙ በእናቱ በኩል የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሚልተን በቅዱስ ጳውሎስ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም ከ1625 እስከ 1632 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ላቲን፣ ግሪክ፣ ዕብራይስጥ፣ ጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ አወቀ። ከዚያም በኋላ በአባቱ ቤት ተቀምጦ ለዓመታት በንባብ ቆየ። አንድ ታላቅ የግጥም ድርሰት ጽፎ ለትውልድ ለመተው ያሰበው ገና ወጣት ሳለ ነው።

ዕውር አረጋዊ በፍሎሬንስ

በ1638 ሚልተን ወደ ጣሊያን አገር ተጓዘ። በዚህ ጉዞው ለእኛ ለካቶሊካውያን የሚያስደስት ነገር አለ። በሮማ በሚገኘው የእንግሊዛውያን ኮሌጅ በጥቅምት 30 ቀን 1638 በእንግድነት ተቀብለውት ምሳ እንደበላ በኮሌጁ የእንግዶች መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሉካስ ሆልስተንዮስ መጻሕፍቱን አስጎብኝተውታል። የር.ሊ.ጳ. ኡርባኖስ 8ኛ የወንድም ልጅ የሆኑት ካርዲናል ፍራንቸስኮ ባርቤሪኒም በቤታቸው በተዘጋጀ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ በክብር ተቀብለውታል። በሃይማኖት የተለያዩ ሰዎች በእውቀትና በእንግድነት እንደተገናኙ ከዚህ እንረዳለን።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን በፍሎሬንስ አጠገብ የሆነው ነው። ሚልተን ራሱ በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ እንደመሰከረው፣ በቁም እስር የነበረውን ሊቁን ጋሊሌዮን ሄዶ ጎብኝቶታል። ጋሊሌዮ በዚያን ጊዜ ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፍተው ነበር። ከሰው ሁሉ አርቆ ወደ ሰማይ የተመለከተው ዓይን ብርሃን አልነበረውም። የ29 ወይም የ30 ዓመቱ ወጣት ሚልተን በአረጋዊው ፊት በቆመ ጊዜ፣ ከአሥራ አራት ዓመት ያህል በኋላ እሱም እንዲሁ እንደሚሆን አላወቀም።

ትዳርና የሕመሙ መጀመሪያ

ወደ አገሩ ተመልሶ የእህቱን ልጆች ኤድዋርድና ጆን ፊሊፕስን እያስተማረ ሳለ፣ በ1642 ሜሪ ፓወል የተባለች የ17 ዓመት ልጃገረድ አገባ። እሱ ዕድሜው 33 ነበር። ጋብቻው ከጅምሩ አልሰመረም። ሙሽራይቱ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ወደ ወላጆቿ ቤት ሄደች፤ በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሥቶ ስለነበረም ሳትመለስ ሦስት ዓመት ያህል ቆየች። በ1645 ታርቀው አብረው መኖር ጀመሩ። በ1646 የበኩር ልጃቸው አን፣ በ1648 ሁለተኛዋ ሜሪ፣ በ1651 ወንዱ ልጅ ጆን ተወለዱ።

የዓይኑ ሕመም ብቅ ያለው በዚሁ ቤተሰቡን በሚመሠርትበት ወራት ነው። በ1654 ለአቴናዊው ወዳጁ ለሊዮናርድ ፊላራስ በላቲን የጻፈው ደብዳቤ የሕመሙን እርምጃ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ፊላራስ የበሽታውን ምልክት ለአንድ የፓሪስ ሐኪም ላሳይልህ ስላለው ነበር ሚልተን እንዲህ አድርጎ የጻፈለት። እንደ ደብዳቤው ከሆነ ነገሩ የጀመረው ከአሥር ዓመት ያህል በፊት፣ ማለትም በ1644 ገደማ ነው። ጠዋት ማንበብ ሲጀምር ዓይኑን ያመዋል፤ ጥቂት ከተንቀሳቀሰ በኋላ ደግሞ ይሻለዋል። ሻማ ሲመለከት ዙሪያውን እንደ ቀስተ ደመና ያለ ክበብ ይታየዋል። ቀጥሎም የግራ ዓይኑን በግራ ጎኑ በኩል ጭጋግ ሸፈነው፤ በዚያ ወገን ያለው ነገር ሁሉ ተሰወረው። ከዚያ ቀኝ ዓይኑም በሦስት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ ደከመ። ፈጽሞ ሊጠፋ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ የቆመው ነገር ሁሉ ወዲያና ወዲህ የሚዋኝ መስሎ ታየው። በመጨረሻ የቀረለት አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ጥቁረት ነበር። ሰው ቀርቦ ሲመለከተው ግን ዓይኖቹ ጥርት ያሉ፣ እንከን የሌለባቸው ነበሩ።

ሕመሙ ምን እንደነበረ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ብዙዎች ግላኮማ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የዓይን ውስጠኛ ሽፋን መላቀቅ ነው ይላሉ። ሚልተን በዘመኑ የነበረውን መድኃኒት ሁሉ ሞክሯል። የእህቱ ልጅ ኤድዋርድ ፊሊፕስ እንደጻፈው ከመድኃኒት ተለይቶ አያውቅም ነበር፤ የሚረዳው ግን አላገኘም።

ምርጫና ዋጋው

በ1649 ጥር 30 ቀን ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ በፓርላማው ወገን አንገቱ ተቀላ። ሚልተን የፓርላማው ደጋፊ ስለነበረ በዚያው ዓመት የአዲሱ መንግሥት ምክር ቤት የውጭ ቋንቋዎች ጸሐፊ ሆኖ ተሾመ። ከውጭ አገር መንግሥታት ጋር የሚደረገውን የላቲን መጻጻፍ የሚያከናውነው እሱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የንጉሡን መገደል የሚኮንን መጽሐፍ በአውሮፓ ወጣና ምክር ቤቱ መልስ እንዲጽፍ ሚልተንን አዘዘው። የግራ ዓይኑ በዚያን ጊዜ ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል። ሐኪሞቹም ይህን ሥራ ከያዝህ የቀረህን ዓይን ታጣለህ ብለው አስጠነቀቁት። እሱ ግን ግዴታዬ ነው ብሎ ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1651 መጀመሪያ ታተመ። ስለ ንጉሡ መገደል የነበረውን አስተያየት መቀበል አይኖርብንም። ሆኖም ለኅሊናው ሲል ምን እንደከፈለ ልንክድ አንችልም።

በ1652 የካቲት ገደማ ብርሃኑ ፈጽሞ ጠፋ። ዕድሜው 43 ነበር። ከእሱ ዕውርነት በኋላ ያሉት አራት ወራት የትኛውንም ቤት ሊያፈርሱ የሚችሉ ነበሩ። ግንቦት 2 ቀን ሦስተኛዋ ሴት ልጁ ዲቦራ ተወለደች። ከሦስት ቀን በኋላ ሚስቱ ሜሪ በወሊድ ምክንያት አረፈች። በሰኔ ወር አንድ ዓመት ከሦስት ወር የሆነው ብቸኛ ወንድ ልጁ ጆን ሞተ። በመሆኑም ሚልተን የስድስት ዓመት፣ የሦስት ዓመት ተኩልና የጥቂት ሳምንት ሕፃናት የታቀፈ ዕውር አባት ሆኖ ቀረ። የመጨረሻዋን ልጁን መልክ አንድም ቀን አላየም።

ማን በደለ?

በሐዘኑ ላይ ሌላ ቁስል ተጨመረበት። በዚያው በ1652 ጠላቶቹ ባሳተሙት መጽሐፍ ዕውርነቱ መሳለቂያ ሆነ፤ በንጉሡ ላይ በጻፈው ምክንያት እግዚአብሔር ቀጣው የሚሉም ተነሡ። ውድ አንባብያን፣ ይህ አነጋገር በእኛም መንደር የማይሰማ አይደለም። ሰው ዓይኑ ሲጠፋ የእርግማን ነው፣ የአባቱ ኃጢአት ነው፣ ወይም ዓይነ ጥላ ነው የሚል አይጠፋም። ደቀ መዛሙርት ሲወለድ ዕውር ስለነበረው ሰው ይህንኑ ጥያቄ ለጌታ እንዳቀረቡና ጌታም ሐሳባቸውን እንዳልተቀበለ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እናገኛለን።

ሚልተን በ1654 ባወጣው መጽሐፍ ለዚህ ክስ መልስ ሰጠ። ኅሊናውን መርምሮ ይህን መከራ ያመጣበታል የሚለው የተሰወረ በደል እንዳላገኘ እግዚአብሔርን ምስክር አድርጎ ጻፈ። በመጽሐፍ ቅዱስ ይስሐቅና ያዕቆብ በእርጅናቸው ዓይናቸው እንደፈዘዘ፣ ነገር ግን በእግዚአብሔር ፊት እንዳልተናቁ አስታወሰ። ዕውራን በልዩ ሁኔታ በአምላክ ጥበቃ ሥር ናቸው ብሎም ያምን ነበር።

ይህ በአደባባይ የቆመው ሚልተን ነው። በጓዳው ያለውን ሚልተን የምናገኘው ስለ ዕውርነቱ በጻፈው አሥራ አራት መስመር ባለው አጭር ግጥሙ ነው። በዚያ ግጥም ጌታ ስለ መክሊት የተናገረው ምሳሌ ያስፈራዋል። የተሰጠው መክሊት የመጻፍ ጸጋ ነው፤ ዓይን ሳይኖረው እንዴት ሊነግድበት ይችላል? ከዕድሜው አጋማሽ ሳይደርስ ብርሃን የነሣው አምላክ የቀን ሥራ ይጠይቀዋልን? እያለ ከማጉረምረም አፋፍ ይደርሳል። የሚመልስለት ትዕግሥት ነው። እግዚአብሔር የሰው ሥራ የሚያስፈልገው አይደለም፤ ቀንበሩን በፍቅር የሚሸከም፣ ቆሞ የሚጠብቀውም ቢሆን አገልጋዩ ነው ወደሚል እረፍት ይደርሳል። ይህ መልስ በአንድ ሌሊት የመጣ አይመስለንም፤ ዕንባ የተከፈለበት ነው።

በ1656 ካትሪን ውድኮክ የተባለች ሴት አገባ። ፊቷን አይቶ አያውቅም። በ1657 ሴት ልጅ ወለዱ፤ ነገር ግን ካትሪን በየካቲት 1658፣ ሕፃኒቱም በመጋቢት ሞቱ። ብዙዎች ስለዚህችው ሚስቱ ነው በሚሉት ሌላ ግጥም፣ የሞተች ሚስቱ ነጭ ለብሳ፣ ፊቷን ተሸፍና በሕልሙ ስትመጣለት፣ ልታቅፈው ስትል ግን ሲነቃ ይተርካል። ለዕውር ሰው ማየት የሚገኘው በእንቅልፍ፣ ጨለማው የሚመለሰው በመንቃት መሆኑን ከዚህ ግጥም የተማረ ሰው አይረሳውም።

ሴቶች ልጆቹና አባታቸው

በ1660 ንጉሣዊው አገዛዝ ሲመለስ ሚልተን ተሸሸገ፤ መጻሕፍቱ በአደባባይ ተቃጠሉ። ተይዞ ታሰረ፤ በታኅሣሥ ወር ግን ተለቀቀ። ከሞት ቢተርፍም በመንግሥት ዘንድ ያስቀመጠውን ገንዘብ አጣ። ሹመት የለ፣ ሀብት የለ፤ የቀሩት ለአካለ መጠን በመድረስ ላይ ያሉ ሦስት እናት የለሽ ሴቶች ልጆች ነበሩ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ያሳዝናል። ትልቋ አን አካለ ጉዳተኛና አንደበቷም የሚይዛት ስለነበረች ከንባብ ተፈቅዶላት ነበር። ሜሪና ዲቦራ ግን ለአባታቸው በዕብራይስጥ፣ በግሪክ፣ በላቲን፣ በጣሊያንኛ፣ በስፓኒሽና በፈረንሳይኛ ያነቡለት ነበር። ፊደሉን አጥርተው እንዲያነቡ አስለመዳቸው፤ ትርጉሙን ግን አላስተማራቸውም። በየቀኑ ለብዙ ሰዓት የማያውቁትን ቃል ሲያነቡ ይውላሉ። ኤድዋርድ ፊሊፕስ እንደመሰከረው ልጆቹ ለብዙ ጊዜ ታገሡ፤ በመጨረሻ ግን መንፈሳቸው ተቃወመ። ሚልተን ለዓይኑ መተኪያ አገኘ፤ ዓይን የሆኑለት ግን ልጆቹ እንደሆኑ የዘነጋ ይመስላል።

ምሬቱ እያደር ገነነ። ሚልተን ከሞተ በኋላ በፍርድ ቤት የመሰከረች የቤት ሠራተኛ እንደተናገረችው፣ ሜሪ አባቷ ሦስተኛ ሚስት ሊያገባ መሆኑን በሰማች ጊዜ ሠርጉ ወሬ እንዳልሆነ፣ ወሬ የሚሆነው ሞቱ እንደሆነ ተናግራለች። ልጆቹ መጻሕፍቱን ሰርቀው ይሸጡ፣ ከሠራተኛይቱም ጋር ተስማምተው በገበያ ገንዘብ ያታልሉት ነበር ተብሎም ተመስክሯል። ሚልተንም እነዚህን ልጆች የማያመሰግኑ ብሎ አዝኖባቸዋል። ስለ ውርሱም ለወንድሙ ለክሪስቶፈር በቃል ሲናዘዝ፣ ለእነርሱ የተወው የእናታቸው ወላጆች ቃል ገብተው ያልከፈሉትን ጥሎሽ ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱ ኑዛዜውን አላጸደቀውም።

ይህን ስናነብ በአንድ ወገን ለመፍረድ አንቸኩል። መጽሐፍ ቅዱስም ስለ ዕውር አባቶች ሲተርክ ይህን ድካም አይሸሽግም። ይስሐቅ በዕውርነቱ ምክንያት በገዛ ልጁ ተታለለ። ጻድቁ ጦቢት ዓይኑ በጠፋ ጊዜ ሠርታ የምታበላውን ሚስቱን ሐናን፣ በስጦታ ያገኘችውን የፍየል ጠቦት ሰረቅሽ ብሎ ጠረጠራት። ዓይን ሲጠፋ ጥርጣሬ ይመጣል፤ ሰው የማያየውን ነገር ሁሉ ይፈራል። በሌላ በኩል ደግሞ ልጆች ልጅነታቸውን በአንድ ሰው ሕመም ውስጥ ሲያሳልፉ ልባቸው ይደክማል። የጦቢት ቤት የዳነው ልጁ ጦብያ በጉዞው ሁሉ ባልንጀራ ስላገኘ ነው፤ ሸክሙን ብቻውን አልተሸከመም። የሚልተን ሴቶች ልጆች ግን ለረዥም ዘመን ያለ እናት፣ ያለ ባልንጀራ ተሸከሙት።

በጨለማ የተጻፈው መጽሐፍ

በ1663 ሚልተን በ54 ዓመቱ ኤሊዛቤት ሚንሹል የተባለች የ24 ዓመት ሴት አገባ። በእሷ እንክብካቤ ቤቱ ሥርዓት ያዘ። ጠዋት በ10 ወይም በ11 ሰዓት ሌሊት ይነሣል። አንድ ሰው መጥቶ ከዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ያነብለታል። ከዚያ በጸጥታ ያሰላስላል። በኋላም እስከ ምሳ ድረስ እየተነበበለት ያጽፋል። ከሰዓት በኋላ በአትክልት ቦታው ይመላለሳል፣ ኦርጋን ይመታል፣ ወዳጆቹን ይቀበላል፤ ማታ በ3 ሰዓት ይተኛል።

ታላቁን ድርሰቱን የጠፋችው ገነት የጻፈው እንዲህ ባለ ኑሮ ነው። ግጥሙ ይበልጡን የሚመጣለት ከመከር እስከ ጸደይ ባሉት ወራት፣ በሌሊት ነበር። ሌሊት በልቡ ያጠራቀመውን ጠዋት ጸሐፊ ሲመጣ ያስጽፈዋል፤ ጸሐፊው ከዘገየበትም እንደ ላም የሚያልበኝ አጣሁ እያለ ያማርር ነበር። በአገራችን የቅኔ ጉባኤ ዓይነ ስውራን መምህራን ቅኔውን በልባቸው እየቆጠሩ ለተማሪው ሲዘርፉ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

መጽሐፉ በ1667 ታተመ። ከ10,000 በላይ መስመሮች አሉት። የአዳምንና የሔዋንን ውድቀት የሚተርክ ሲሆን፣ በሦስተኛው ክፍል መግቢያ ላይ ባለቅኔው ስለ ገዛ ዕውርነቱ ያዝናል፤ የውስጥ ብርሃን እንዲሰጠውም ይለምናል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ልዩ ነገር አለው። በአራተኛው ክፍል ገነትን ከምድር ውብ ቦታዎች ጋር ሲያወዳድር፣ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበትን የአማራ ተራራ በስም ይጠራል፤ ይህም የአምባ ግሸን ዝና ወደ አውሮፓ ከደረሰበት ወሬ የመጣ ነው። በአሥራ አንደኛው ክፍል ደግሞ የነጉሥን ግዛትና በቀይ ባሕር ዳር ያለችውን አርቂቆን ያነሣል። ዓይን የሌለው ሰው አገራችንን በአሳቡ ተመለከታት።

ለዚህ መጽሐፍ ከአሳታሚው የተቀበለው መጀመሪያ 5 ፓውንድ፣ የመጀመሪያው እትም ሲያልቅ ደግሞ ሌላ 5 ፓውንድ ብቻ ነበር። ገንዘቡ ጥቂት ይሁን እንጂ የረዱት እጆች ብዙ ናቸው። ባለቅኔው አንድሩ ማርቭል በመንግሥት ሥራ ረዳቱ ነበር። ቶማስ ኤልውድ የተባለ የኩዌከር ማኅበር ወጣት በ1662 ላቲን ለመማር ሲል እየመጣ ያነብለት ጀመር፤ በ1665 ለንደንን ቸነፈር በመታት ጊዜም በቻልፎንት መንደር ቤት ፈልጎ ቤተሰቡን አሳረፈ። ይህ ወጣት የማያውቀውን ቃል ሲያነብ ሚልተን ከድምፁ አነባበብ ያውቅና አቁሞ ያስረዳው እንደነበረ ኤልውድ ጽፏል። ለእንግዳው የሰጠውን ይህን ትዕግሥት ለልጆቹም ሰጥቷቸው ቢሆን ኖሮ ምንኛ መልካም በሆነ!

በ1671 የተመለሰችው ገነት የተባለውንና ዓይኑ ስለጠፋው ስለ ሶምሶን የሚናገረውን ድራማ አሳተመ። በኅዳር 1674 በሰላም አረፈ፤ በለንደን በቅዱስ ጊልስ ቤተ ክርስቲያን በአባቱ መቃብር አጠገብ ተቀበረ።

የዲቦራ ትዝታ

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። አባቷ አይቷት የማያውቀው ዲቦራ ከመሞቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ከቤት ወጥታ ወደ አየርላንድ ሄዳ ነበር። በኋላም አብርሃም ክላርክ የተባለ ሸማኔ አግብታ በለንደን በድህነት ኖረች። በ1721 ጆርጅ ቨርቱ የተባለ ሠዓሊ በእርጅናዋ ጎበኛትና አንዳንድ ሥዕሎች አሳያት። የአባቷን ትክክለኛ ሥዕል ባየች ጊዜ አባቴ ነው ብላ በደስታ ተሞላች። ስለ እሱም በፍቅር ተናገረች፤ በቤቱ የውይይት ሁሉ ሕይወት እሱ እንደነበረ መሰከረች። በወጣትነቷ ሳይገባት ካነበበችው ከሆሜር፣ ከኤውሪጲደስና ከኦቪድ ግጥሞች አንዳንድ መስመሮችን ከሃምሳ ዓመት በኋላ በቃሏ ታነበንብ ነበር። ለእሷ ቀንበር የነበረው ንባብ፣ የአባቷ ድምፅ ማስታወሻ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? በመጀመሪያ፣ ዓይኑ የደከመበት ሰው አይደበቅ። በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና የሚያይ፣ ወይም ጎን ለጎን ያለው ነገር የሚሰወረው ሰው፣ በተለይም በቤተሰቡ የዓይን ሕመም ያለበት፣ ፈጥኖ ይመርመር። ሚልተን የሞከረው መድኃኒት አልረዳውም፤ ዛሬ ግን ግላኮማ በጊዜ ከተገኘ የጠፋው ብርሃን ባይመለስም የቀረውን በጠብታ ወይም በቀዶ ሕክምና መጠበቅ ይቻላል። የዓይን ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል።

ሁለተኛ፣ የሕፃናት ወላጅ የሆነ ሰው ዓይኑ ሲደክም ልጆቹን ዓይን ብቻ ሳይሆን ልጅ ያድርጋቸው። የሚያነቡለት ነገር ይግባቸው፤ የሚሠሩለት ሥራ ምስጋና ያግኝ፤ የጨዋታ ሰዓታቸውም አይወሰድባቸው። ሕፃን የአባቱን እጅ ይዞ ሲመራ አባቱ ደግሞ በቃሉ ይምራው፤ ተረቱን፣ ጸሎቱን፣ የዘመዶቹን ታሪክ ያስተምረው። ለዚህ ዓይን አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በየቁምስናችሁ ያሉትን ዓይነ ስውራን ወላጆች ቤታቸው ድረስ ሂዱ። እንደ ኤልውድ የሚያነብ አንድ ወጣት በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጣላቸው፣ ሸክሙ ከሕፃናቱ ትከሻ ላይ ይቀልላል። የጦብያ ባልንጀራ መልአኩ ሩፋኤል ነበር፤ የዲቦራ ባልንጀራ ግን ማንም አልነበረም። የጎረቤታችን ልጅ ብቻዋን እንዳትሸከም ማድረግ የእኛ የምእመናን ድርሻ ነው።